ሳይከሰሱ ገንዘብ ሲወሰድ፦ ክሌም ይሻላል ወይስ ፒቲሽን?

አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ እናንተን ሳያስር ገንዘባችሁን ሊያስር ይችላል። ክስ የለም፣ ዋስ የለም፣ ዳኛ ፊት መቅረብ የለም። ካሹ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል፤ ደረሰኝ ይሰጣችኋል፤ እናንተም ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ደብዳቤ ነው። ውስጡ ክሌም (የይገባኛል ጥያቄ) ወይስ ፒቲሽን (የምሕረት ልመና) የሚል ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም ፖሊስ ፊት ሳይሆን እዚያ ምርጫ ላይ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። ግን ደብዳቤው የሚመጣበት እንግሊዝኛ ለተማረውም ይከብዳል፤ የኛ ሰው ደግሞ ቶሎ ደንግጦ «ይቅርታ» የሚመስለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ ይልካል። ያ ሳጥን ለአንዳንዱ ትክክል ነው፤ ለብዙው ግን አይደለም።

ሕጉ የሚከሰው ሰውን ሳይሆን ንብረቱን ነው። መዝገቡ ላይ ከሳሽ የአሜሪካ መንግሥት ነው፤ ተከሳሹ ደግሞ «ይህን ያህል ሺህ ዶላር» ወይም መኪና ወይም ቤት ነው። ገንዘቡ ሰው ስላልሆነ ነፃ ነህ ተብሎ አይገመትለትም፤ መንግሥት ጠበቃም አያቆምለትም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዲኢኤ ከ2007 ጀምሮ 4.15 ቢሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ይዟል። ከዚህ ውስጥ 3.2 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ ዳኛ ሳያየው እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ባለቀ ሂደት የተወረሰ ነው።

ለምን ይህን ያህል ይጓጉለታል? የአካባቢ ፖሊስ ገንዘቡን ለፌዴራል ሲያስረክብ እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ድርሻ ተመልሶ ሊሰጠው ይችላል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ ሕጉ ራሱ ብላ ያለውን ሰው መውቀስም ይከብዳል።

እኛን በተለይ የሚያገኘን በሦስት ነገር ነው። ዕቁብ አለን። አደራ እናደርሳለን። አንዳንዶቻችንም በካሽ የሚሠራ ቤት አለን፤ ነዳጅ ማደያ፣ ሱቅ፣ ምግብ ቤት። የዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ቦርሳ ሲከፈት ምን ይታያል? ሃያ ሃያ ዶላር፣ መቶ መቶ ዶላር፣ በተለያየ ሰው እጅ የተቆጠረ፣ በጎማ የታሰረ። መርማሪዎች ለፍርድ ቤት በሚያቀርቡት ቃለ መሐላ «የዕፅ ገንዘብ ምልክት» ብለው የሚዘረዝሩት ይኸው ነው፤ ጎማው፣ የኖቱ ዓይነት፣ የውሻው ማሽተት።

መጀመሪያ፦ ማን ወሰደው?

ምርጫችሁ የሚወሰነው ገንዘቡን በያዘው መሥሪያ ቤት ነው። ደረሰኙን እዩ። የያዘው የከተማ ወይም የስቴት ፖሊስ ሊሆን ይችላል። እንደ ዲኢኤና ኤፍቢአይ ያለ የፍትሕ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ወይም የድንበርና የጉምሩክ ጥበቃው ሲቢፒ ነው።

የስቴት ፖሊስ ከሆነ የስቴታችሁ ሕግ ይገዛል፤ እሱም እንደየቦታው ሰማይና ምድር ነው። ኒው ሜክሲኮ በ2015፣ ነብራስካ በ2016፣ ሜይን በ2021 ሳይፈረድ መውረስን አስቀርተዋል። የኛ ሰው በብዛት የሚኖርባት ሚኒሶታ ከ2014 ጀምሮ በአብዛኛው የጥፋተኝነት ፍርድ ትጠይቃለች። ቴክሳስ የሚኖር ሰው ግን እንዲህ ያለ ከለላ የለውም።

ችግሩ የስቴት ፖሊስ ገንዘቡን ለፌዴራል አሳልፎ መስጠት መቻሉ ነው። ያኔ የስቴቱ ጥብቅ ሕግ ይታለፋል። ኮሎራዶ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በ2017 ከ50,000 ዶላር በታች የሆነውን ለፌዴራል ማስተላለፍን በሕግ ገድባለች፤ ዴንቨር ያላችሁ ይህን አስታውሱ። ስለዚህ የያዛችሁ የካውንቲ ፖሊስ ሆኖ ደብዳቤው ከፌዴራል ቢመጣ አትደነቁ። ፌዴራል ራሱ ከያዘው ማስታወቂያውን በ60 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ከስቴት ከተረከበው 90 ቀን አለው።

ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ስለ ፌዴራሉ መንገድ ነው። መሠረቱ በ2000 የወጣው የፍትሐ ብሔር ውርስ ማሻሻያ ሕግ ነው።

ክሌም ወይስ ፒቲሽን

ደብዳቤው ላይ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ እኩያ ይመስላሉ። አይደሉም።

ክሌም የይገባኛል ጥያቄ ነው። «ይህ ገንዘብ የኔ ነው፤ ልትወርሱት ከፈለጋችሁ ዳኛ ፊት አረጋግጡ» ማለት ነው። በጊዜው የደረሰ ክሌም መሥሪያ ቤቱን ከውሳኔ ያስወጣዋል። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ዐቃቤ ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ካልከሰሰ ገንዘቡን መመለስ አለበት። ከከሰሰም የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት ነው። የሚጠበቅበት ማስረጃ እንደ ወንጀል ክስ ከባድ አይደለም፤ ሚዛኑ ትንሽ ወደሱ ካዘነበለ ይበቃዋል። ቢሆንም ሸክሙ የሱ ነው።

ፒቲሽን ሌላ ነገር ነው። «ወስዳችኋል፤ መውሰዳችሁን አልከራከርም፤ እባካችሁ በምሕረት መልሱልኝ» የሚል ልመና ነው። የሚመረምረው ማን ነው? ያው የወሰደው ክፍል። በፍትሕ ሚኒስቴር ደንብ መሠረት ፒቲሽን ሲታይ አያያዙ ሕጋዊ ነበር ተብሎ ይጀመራል። «ፖሊሱ ያለ ምክንያት አቆመኝ» ብትሉ ሰሚ የለም። የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። እምቢ ካሏችሁ በ10 ቀን ውስጥ እንደገና እዩልኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም ብሎ በአብዛኛው አይገባበትም።

ታዲያ ሰው ለምን ፒቲሽን ይመርጣል? ቀላል ስለሚመስል ነው። «ፍርድ ቤት» የሚለው ያስፈራል። ፒቲሽን ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ይመስላል። ክሌሙ ግን ሰዎች ከሚያስቡት ይልቅ አጭር ወረቀት ነው። ንብረቱን መለየት፣ የናንተ ድርሻ ምን እንደሆነ መግለጽ፣ እውነት መሆኑን በመሐላ ቃል መፈረም። የተለየ ፎርም ካልሞላችሁ አንቀበልም ሊሏችሁ አይችሉም። ማስያዣ ገንዘብም አያስፈልግም። ዝርዝር ታሪካችሁን፣ የባንክ ወረቀታችሁን ሁሉ በዚያ ቀን መዘርገፍ የለባችሁም። ፒቲሽን ግን ያለ ማስረጃ ባዶ ነው፤ እዚያ ላይ የምትጽፉት ሁሉ ደግሞ ሌላ ቦታ ሊቀርብባችሁ ይችላል።

ለፍትሕ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሁለቱንም ማስገባት ይቻላል። ፒቲሽን ብቻ ካስገባችሁ ግን ውርሱ አይቆምም። የሚያቆመው ክሌም ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ፒቲሽን ልኮ «መልስ ሰጥቻለሁ» ብሎ ይተኛል፤ ገንዘቡ በዚያ መሃል ይወረሳል።

በሲቢፒ በኩል መልኩ ትንሽ ይለያል። ከደብዳቤው ጋር ምርጫ የሚሞላበት ወረቀት ይመጣል፤ ፒቲሽን፣ በድርድር የሚቀርብ ገንዘብ፣ ንብረቱን መተው፣ ወይም ፍርድ ቤት። እዚያ ፒቲሽን ውርሱ ከመጀመሩ በፊት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ እንደ ዲኢኤው ወዲያው በር የሚዘጋ አይደለም። ሳጥኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፤ በየሳጥኑ ምን መብት እንደምትተዉ የተጻፈው እዚያ ነው።

ቀኑ ነገር ከባድ ነው። የክሌም የመጨረሻ ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ደብዳቤው ከተላከ ከ35 ቀን ያነሰ ሊሆን አይችልም፤ በአብዛኛውም ልክ 35 ቀን ነው። የሚቆጠረው ከተላከበት ነው፤ ከደረሳችሁበት አይደለም። የናንተ መልስ ደግሞ እዚያ መድረስ አለበት እንጂ ፖስታ ቤት የጣላችሁበት ቀን አይረዳችሁም። የሲቢፒ ፒቲሽን 30 ቀን ነው። ደብዳቤው ካልደረሳችሁ ፎርፊቸር ዶት ጋቭ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያው ለ30 ተከታታይ ቀናት ይወጣል፤ ማስታወቂያው ካበቃ በኋላ 30 ቀን አላችሁ። ስማችሁን እዚያ ላይ መፈለግ ከክፍያ ነፃ ነው።

ክሌም አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በመሐላ የተፈረመ ነው፤ ውሸት ካለበት ራሱ ወንጀል ነው። ፍርድ ቤት ክሌሙን መሠረት የለሽ ካለው የንብረቱን 10 በመቶ ሊያስቀጣ ይችላል፤ ትንሹ 250፣ ትልቁ 5,000 ዶላር ነው። ከፍርድ ቤቱ ክስ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ክሌምና መልስ በራሱ ቀን ማስገባት አለ፤ የመጀመሪያውን ልኮ ሁለተኛውን የረሳ ሰው ያሸነፈውን ይሸነፋል። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ገቢያችሁ፣ ስለ ግብራችሁ በጽሑፍ ይጠይቃችኋል። ታክስ ያልተከፈለበት ገንዘብ ከሆነ ወይም የወንጀል ምርመራ ሽታ ካለ፣ ያለ ጠበቃ አንዲት መስመር አትጻፉ።

አደራ ሲሆን

ይህኛው የኛ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንዲት እናት ወደ አዲስ አበባ ልትበር ነው እንበል። ሲሰሙ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፖስታ ይዞ ይመጣል። ለእናቴ 3,000፣ ለታመመ ወንድሜ 2,500፣ ለቤት ጣሪያ 4,000። የራሷ 2,000 ነው። ድምሩ 11,500 ዶላር። በሷ አእምሮ 2,000 ነው የያዘችው። በሕጉ ዓይን 11,500 ነው፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ከ10,000 በላይ ከሆነ ደግሞ ማሳወቅ ግድ ነው።

የአውሮፕላኑ በር ላይ ጠባቂው «ስንት ይዘሻል?» ይላታል። «2,000» ትላለች። ቦርሳው ይከፈታል። ከዚያ «ይሄ የማን ነው?» ሲላት «የኔ አይደለም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ግን ያች ቃል በኋላ ክሌም ስታስገባ ትመለስባታለች። የኔ አይደለም ያልሽውን እንዴት የኔ ነው ትያለሽ ይሏታል።

ስለዚህ የአደራ ገንዘብ ከተያዘ ምርጫው አንድ ሰው ለሁሉም ክሌም ማስገባት ወይስ እያንዳንዱ ባለቤት ለራሱ የሚል ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የፌዴራል ደንቡ አደራ ተቀባይ ክሌም እንዲያስገባ ይፈቅዳል፤ ግን የባለቤቱን ማንነት መግለጽ ግዴታ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት ለራሱ ድርሻ ከባንክ ያወጣበትን ወረቀት ይዞ ሲቀርብ ግን ነገሩ ይጠራል። ለማስገባት ድፍረት ያጣ ባለቤት ካለ የሱ ድርሻ ይወረሳል፤ ያን ፀብ ከአሁኑ ተነጋግሮ መጨረስ ነው።

አነጋገርም ላይ ተጠንቀቁ። «ወንድሜ አበደረኝ» ብላችሁ ወረቀቱ የአክስት ልጅ ሲል፣ ለኛ ልዩነት የለውም፤ ለመርማሪው ግን የተምታታ ቃል ነው። ጥያቄው ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ስለ ገንዘቡ ምንጭ ከመናገር ዝም ማለትም መብት ነው። ወደ ውጭ ስትወጡ ወይም ስትገቡ ማሳወቂያው ቅጽ ላይ ግን የመጠኑን እውነት ተናገሩ።

የስምምነት ጥሪ ሲመጣ

ክሌም ካስገባችሁ በኋላ ከዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ስልክ ሊመጣ ይችላል። ይህን ያህል በመቶ እንመልስና ነገሩ ይለቅ ይላል። አብሮት የሚመጣው ወረቀት መንግሥትን እንደማትከሱ የሚያስፈርም ነው። ሰው «መንግሥት እጅ ካለው ሙሉ እኔ እጅ የገባ ግማሽ ይሻላል» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ምንጩ በወረቀት የማይታይ ገንዘብ ከሆነ፣ ወይም የቤት ኪራይ ደርሶ ዓመት መጠበቅ ካልቻላችሁ፣ መቀበል ነውር አይደለም።

ግን አንድ ነገር እወቁ። ፍርድ ቤት ውስጥ በዋናነት ካሸነፋችሁ የጠበቃችሁን ተመጣጣኝ ወጪ መንግሥት ይከፍላል። ዐቃቤ ሕጉም ይህን ያውቃል። በስምምነት ካለቀ ያ ክፍያ በአብዛኛው ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪ ላይ የሚቀርበው ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። ወረቀታችሁ ጠንካራ ከሆነ «አስቤ እመልሳለሁ» ብላችሁ ዝጉ።

ሌላው ስምምነት መንገድ ዳር የሚመጣው ነው። ፖሊሱ ወረቀት አውጥቶ «ገንዘቡን ትቼዋለሁ ብለህ ፈርም፤ ትሄዳለህ» ይላል። ይህ ምርጫ ሊባል አይገባም። ቴክሳስ ውስጥ ተናሃ በምትባል ትንሽ ከተማ መንገደኞች ወይ ፈርማችሁ ሂዱ ወይ በወንጀል እንከሳችኋለን፣ ልጆቻችሁም ይወሰዳሉ እየተባሉ ካሻቸው ሲወሰድ ነበር። ጉዳዩ በጅምላ ክስ ተይዞ በ2012 በስምምነት አለቀ። ቴክሳስ በ2011 መንገድ ዳር እንዲህ ማስፈረምን ከልክላለች። የትም ስቴት ብትሆኑ፣ ደረሰኙን ተቀበሉ፤ መተዊያውን አትፈርሙ። ካልፈረምክ አስርሃለሁ ቢልም።

ምንም አለማድረግስ? ዝም ካላችሁ ገንዘቡ ይወረሳል። ዳኛ አያየውም። ይኸው ነው።

ለየትኛው የትኛው

በሀገር ውስጥ በረራ ወይም በመኪና ስትጓዙ የተያዘ ካሽ፣ ንጹህ ምንጭ ያለው፦ ክሌም። ሳልወላውል። አሜሪካ ውስጥ ከስቴት ወደ ስቴት ካሽ ይዞ ለመጓዝ ገደብም ማሳወቂያም የለም። የአየር ማረፊያው ፈታሽ ራሱ ገንዘብ የመውረስ ሥልጣን የለውም፤ ፖሊስ ነው የሚጠራው። እዚህ ላይ ያጠፋችሁት ነገር የለምና ምሕረት የምትለምኑበት ምክንያት አይታየኝም። የዕቁብ ገንዘብ ከሆነ ማስረጃ ሰብስቡ፤ የጸሐፊው ደብተር፣ የአባላት የተፈረመ ቃል፣ የዜል ዝውውር፣ የቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ዕጣው ለእገሌ ደረሰ» የተባለበት ቀን። እነዚህ ፍርድ ቤት ሲደረስ የሚወጡ ናቸው፤ ክሌሙ ላይ ገንዘቡን ለይቶ «የኔ ነው» ብሎ በመሐላ መፈረም ይበቃል።

በ2024 ኅዳር አካባቢ ዲኢኤ በአየር ማረፊያና በአውቶቡስ ጣቢያ መንገደኛን «በፈቃድህ ልፈትሽህ» እያለ የሚያደርገውን ፍተሻ እንዲያቆም በፍትሕ ሚኒስቴሩ ታዟል። ምክንያቱ የዋና ተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የአየር መንገድ ሠራተኛ የሆነ ጠቋሚ ከተያዘው ካሽ ድርሻ ሲከፈለው እንደነበር ተገኝቷል። እገዳው የዲኢኤ ነው፤ የከተማ ፖሊስን አይነካም። «መፈተሽ አልፈልግም» ማለት ግን ለማንም ይቻላል።

ወደ ውጭ ስትወጡ ወይም ስትገቡ ሳታሳውቁ የተያዘ፦ እዚህ ሐሳቤ ይቀየራል። ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ማለፍ ሕጋዊ ነው፤ አለማሳወቅ ግን ጥፋት ነው። ሸክሙ ለመንግሥት ቀላል ነው፤ የሞላችሁት ወረቀት የለምና። ምንጩ ንጹህ ከሆነ፣ የት እንደሚሄድ ማሳየት ከቻላችሁ፣ ፒቲሽን ምክንያታዊ ነው። ቅጣት ቆርጠው ቀሪውን የሚመልሱበት ሥርዓት አላቸው። መጠኑ ትልቅ ከሆነና ሁሉንም ሊወርሱ ካሉ ግን ፍርድ ቤቱን አትርሱ። በ1994 ከሎስ አንጀለስ ወደ ቆጵሮስ ሊበር የነበረ ሰው 357,144 ዶላር ሳያሳውቅ ተያዘ። ገንዘቡ ዕዳ ሊከፍልበት የያዘው ንጹህ ገንዘብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 በ5 ለ 4 ድምፅ ሁሉንም መውረስ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም ብሎ ፈረደ። ያ ሰው ተከስሶ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ላልተከሰሰም ክርክር ይሆናል። ኮንግረስ በበኩሉ በ2001 ካሽ ደብቆ ማሳለፍን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ጫማ ውስጥ ወይም ጡት ማስያዣ ውስጥ የተገኘ ገንዘብ ከቦርሳ ውስጥ ከተገኘው የባሰ ነው።

የሱቅ የባንክ ሒሳብ፦ አንዳንድ ነጋዴ ባንክ ከ10,000 በላይ ሲገባ ሪፖርት ያደርጋል ብሎ 9,000፣ 9,500 እየከፋፈለ ያስገባል። ሪፖርቱ ምንም አይጎዳውም ነበር፤ ሪፖርቱን ለማስቀረት መከፋፈል ግን ወንጀል ነው። የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ ንጹህ ገንዘብ ያላቸውን ነጋዴዎች ሒሳብ በዚህ ምክንያት ብቻ ጠርጎ ሲወስድ ብዙ ጩኸት ተነሣና በ2014 ፖሊሲውን ለወጠ። በ2019 ደግሞ ሕግ ሆነ፤ አይአርኤስ በመከፋፈል ብቻ ለመውረስ ገንዘቡ ከወንጀል የመጣ ወይም ሌላ ወንጀል ለመሸፈን መሆን አለበት። ዳኛ ፊት ቶሎ የመሰማት መብትም አለ። ስለዚህ ክሌም፣ ከጠበቃ ጋር። የሕጋዊ ንግድ ገንዘብ ከሆነ ጉዳዩ እስኪያልቅ በችግር ምክንያት እንዲለቀቅ መጠየቅም ይቻላል፤ ለተራ ካሽ ይህ በር ዝግ ነው።

ያዋሳችሁት መኪና፦ የእህት ልጅ መኪናችሁን ይዞ ወጥቶ ዕፅ ተገኘበት። እናንተ አላወቃችሁም። የፌዴራሉ ሕግ ንጹህ ባለቤትን ይከላከላል፤ ግን ንጹህ መሆናችሁን የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ክሌም አስገቡ፤ ለሥራ የሚያስፈልጋችሁ መኪና ከሆነ ለጊዜው እንዲለቀቅም ጠይቁ። ፈጣን ነገር አትጠብቁ። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መኪናቸውን አውሰው የተወሰደባቸውን የአላባማ ሴቶች ጉዳይ አይቶ፣ ከዋናው የውርስ ችሎት በፊት ሌላ ፈጣን ችሎት ሕገ መንግሥቱ አያስገድድም ብሏል።

የምትኖሩበት ቤት ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ብቻውን ሊወርሰው አይችልም፤ ፍርድ ቤት ግድ ነው። ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው በነፃ ጠበቃ የሚቆምበት ጉዳይም በዋናነት ይኸው ነው።

ጠበቃ ወይስ ራስ

ገንዘቡ 4,000 ዶላር ሆኖ ጠበቃው 5,000 ሲጠይቅ ሒሳቡ አይመታም። ሥርዓቱ ብዙ ሰው የሚጥለውም በዚህ ነው። እንዲህ ሲሆን ክሌሙን ራሳችሁ ጽፋችሁ፣ ደረሰኝ በሚሰጥ ፖስታ ቀኑ ሳይደርስ መላክ ከምንም ይሻላል። ዐቃቤ ሕግ ለትንሽ ገንዘብ ፍርድ ቤት መሄዱን ሁልጊዜ አይወደውም። ክስ ከተመሠረተ ያኔ ጠበቃ ፈልጉ። ከሚመለሰው ገንዘብ በመቶኛ የሚሠሩ አሉ። ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ፖሊሲ ሊያስቀይር የሚችል ጉዳይ ሲሆን በነፃ ይይዛል፤ የፊላዴልፊያን የቤትና የመኪና ውርስ አሠራር በ2018 በስምምነት ያስቀየረው እሱ ነው። ሁሉንም ይይዛል ማለት አይደለም። «ሐበሻ ነው፣ ያውቃል» ተብሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ መሄድ ግን ጊዜ ማባከን ነው። የውርስ ጉዳይ የሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ሁለተኛ ክሌም መቼ እንደሚገባ ሳያቅማማ ካልመለሰላችሁ ሌላ ፈልጉ።

ለሚጓዝ ሰው

ገንዘቡ ከተያዘ በኋላ ከመምረጥ፣ ከመያዙ በፊት መምረጥ ይረክሳል። በባንክ መላክ የሚቻል ከሆነ ላኩ። በ2024 ሐምሌ ወር የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ካሽ ተሸክሞ የመሄዱ ጥቅም እንደ ድሮው አይደለም። ካሽ መያዝ ግድ ከሆነና ከ10,000 ዶላር ካለፈ የገንዘብ ማሳወቂያውን ፎርም 105 ሙሉ። በኢንተርኔት ቀድሞ ይሞላል፤ አየር ማረፊያም ይገኛል። ክፍያ የለውም፣ ግብርም አያስከትልም። አደራ ካለ በማን ስም እንደያዛችሁት የሚጻፍበት ቦታ አለው። ባልና ሚስት አብረው ሲጓዙ ማሳወቅን ለማምለጥ 6,000 እና 6,000 መካፈል አያድናቸውም። ከዶላር ሌላ ዩሮውም፣ ብሩም፣ የመንገደኛ ቼኩም ይደመራል። ኢትዮጵያ ስትገቡ የዚያኛው ጉምሩክ የራሱ ገደብና ማሳወቂያ አለው፤ አንዱን መሙላት ለሌላው አያገለግልም።

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ዳለስ አየር ማረፊያ ላይ ገንዘቡ ተይዞባችሁ በረራው ካላመለጣችሁ ደግሞ ሄዳችሁ ሁለት ወር ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ደብዳቤው የሚላከው ለጠባቂው በሰጣችሁት አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ መታወቂያው ላይ ያለው የድሮ ቤት ነው። ስለዚህ እዚያው ሳላችሁ ትክክለኛውን አድራሻ አስጽፉ፤ ፖስታ የሚከፍትላችሁ ሰው መድቡ፤ የደብዳቤውን ሁሉንም ገጽ ፎቶ አንሥቶ በዚያው ቀን ይላክላችሁ። 35ቱ ቀን እናንተ አዲስ አበባ ስለሆናችሁ አይቆምም።